ጥበብን መቀበልና ማስተላለፍ

እንጀራ ለሁለት ሲቈርሱት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል፤ ዕውቀት ግን ለሁለት ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ ሙሉው ይደርሰዋል። ዳሩ ግን እንጀራ ሳይበላ ከቆየ እንደሚሻግት፥ ዕውቀትም ካልተሠራበት ይሻግታል። የተቀበለው ሰው ለሌላ ካላስተላለፈው ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል፤ አገርም ያን ዕውቀት እንዳልገዛችው ትቆጠራለች።

አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ ተማሪው ገና ከመምህሩ እግር ሥር ሳለ ከርሱ በኋላ የመጡትን ታናናሾች ያስቈጥራል፤ የቈጠሩትንም ያርማል። ታናሹን ሲያስተምር የራሱ ትምህርት ይጠነክራል፤ የማያውቀውንም ነገር ያን ጊዜ ይለየዋል። ደግሞም ትናንት የተሰማ ቅኔ ዛሬ ቢደገም ዋጋ የለውም፤ ተማሪው በታወቀው ልክና ስልት ውስጥ ሆኖ በየጊዜው አዲስ ነገር እንዲያመጣ ይጠየቃል። እንግዲህ በዛሬው ዘመን «ኢኖቬሽን» የሚባለው አዲስ ነገርን የማፍለቅ ሥራ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እስካሁን የጐደለን ይህን ልማድ ከቃል ወደ ብረት፥ ከዜማ ወደ ንግድና ወደ እጅ ሥራ ማሻገር ነው።

ዛሬ መንግሥታትና የዓለም ማኅበሮች እየተባበሩ፥ ወጣቶች አዲስ ነገር እንዲያፈልቁና የሥራ ፈላጊ ብቻ ሳይሆኑ ሥራ ፈጣሪ እንዲሆኑ ያሠለጥናሉ። ገንዘብ ይመደባል፤ አሠልጣኝ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ሠልጣኝም ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። እንግዳው አሠልጣኝ ሻንጣውን ይዞ የሄደ ዕለት ጥበቡ አብሮት ይሄዳልን፥ ወይስ በእኛ ዘንድ ይቀራል?

ጥያቄው አስቸኳይ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ድርጅት፥ ዩኤስኤይድ የሚባለው፥ በተዘጋ ጊዜ በብዙ አገሮች የተጀመሩ ሥልጠናዎች ከመካከል ተቋርጠዋል። ሰጪ እጁን ለመሰብሰብ የተቀባዩን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ የውጭ ትብብርን ዋጋ የምንለካው እርዳታው ሳለ በተደረገው ብቻ ሳይሆን፥ እርዳታው ካበቃ በኋላ በቀረው ሊሆን ይገባል። ይህንም በመለኪያነት ይዘን፥ ጥበብን ከሰው ተቀብላ ለሰው እስከ ማስተላለፍ የደረሰችውን የጃፓንን ታሪክ እንመልከት። የውጭውን አገር ነገር ስንናገር ዓመቱን በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ስንናገር በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደጃፏን ለውጭ ሰው አጥብባ ኖራ፥ በ1868 የሜጂ መንግሥት በተመሠረተ ጊዜ በእጅ ሥራና በመሣሪያ ወደ ኋላ መቅረቷን ተረዳች። ለዓለም ገበያ ልትሸጠው የምትችለው ዋናው ዕቃ ሐር ነበር፤ ነገር ግን በእጅ የሚወጣው ክር ውፍረቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ገዢዎቹ ያማርሩ ነበር። መንግሥቱም ፖል ብሩና የሚባል ፈረንሳዊ ቀጥሮ፥ በ1872 ቶሚዮካ በምትባል ከተማ ከሐር ትል ጎጆ ክር የሚያወጣ ትልቅ ፋብሪካ አቆመ። የሸክላ ጡብ በዚያ አገር ስላልተለመደ፥ ጡቡን የሠሩት በፈረንሳውያን ምሪት የጣራ ክዳን ሸክላ ሠሪዎች የነበሩ ጃፓናውያን ናቸው። እንግዲህ ትምህርቱ የተጀመረው መኪናው ሳይተከል፥ ገና ግድግዳው ሲቆም ነው።

ፋብሪካው ሲያልቅ 300 የክር ማውጫ ገበታ ነበረው፤ ሠራተኛ ልጃገረድ ግን ለመግባት ፈራች። ፈረንሳውያኑ ቀይ የወይን ጠጅ ሲጠጡ የታዩ እንደ ሆነ፥ «የሰው ደም ይጠጣሉ» የሚል ወሬ በአገሩ ተነዝቶ ነበርና። ያን ጊዜ የፋብሪካው ሹም ኦዳካ አጽታዳ ሌላውን ሰው ከመገሠጹ በፊት ገና ታዳጊ የነበረችውን የገዛ ልጁን ዩን አስገባ። ከዚያ ወዲያ ሌሎችም ተከተሉ፤ ከየክፍለ አገሩ የመኳንንትና የወታደር ልጆች ሳይቀሩ መጡ። ሹም በቃሉ ያላሳመነውን ሕዝብ በሥራው እንደሚያሳምነው ይህ ምስክር ነው።

ከመጡት አንዲቱ ዋዳ ኤይ ትባላለች። በ1873 ከማጽሺሮ ከተማ ከባልንጀሮችዋ ጋራ መጥታ ክር ማውጣትን ከተማረች በኋላ፥ በሚከተለው ዓመት ወደ አገርዋ ተመልሳ በዚያ በተቋቋመው አዲስ ፋብሪካ መምህርት ሆነች። የአገርዋ ፋብሪካ እንደ ቶሚዮካው ውድ መሣሪያ አልነበረውም፤ በዚያው አገር አንጥረኞች እጅ በርካሽ የተሠራ ነበር። እርስዋ ግን በትልቁ መሣሪያ የተማረችውን ለትንሹ መሣሪያ እንዲስማማ አድርጋ አስተማረች። እንዲህ ያለውን ሰው ነው በእውነት የሠለጠነ ልንለው የሚገባን።

ፈረንሳዊው ብሩና በትልቅ ደመወዝ የተቀጠረው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። የውሉ ዘመን በ1875 መጨረሻ ሲፈጸም ከነባልደረቦቹ ተሰናበተ፤ ፋብሪካውም በጃፓናውያን እጅ ብቻ መሥራቱን ቀጠለ። በገንዘብ መዝገብ ቢታይ ቶሚዮካ ለመንግሥት የታሰበውን ትርፍ አላስገባም፤ በ1893 ለሚትሱይ ቤት ተሸጠ። ነገር ግን የፋብሪካው ዋና ፍሬ የሐር ክር ብቻ አልነበረም፤ ወደየአገራቸው የተመለሱት መምህራት ነበሩ። ጥበቡ በእነርሱ እጅ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ተዛመተ፤ በ1909 ግድም ጃፓን ቻይናን አልፋ ጥሬ ሐር ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም አንደኛ ሆነች። ከቶሚዮካ መከፈት እስከዚህ 37 ዓመት ነው፤ ይኸውም የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ታሪክ ጥላም አለው። በኋላ በተስፋፉት ፋብሪካዎች ብዙ ልጃገረዶች በረዥም ሰዓትና በጥቂት ደመወዝ እየደከሙ በሳንባ በሽታ አልቀዋል። ጥበብ ብቻውን ርኅራኄን እንደማያመጣ፥ የሠራተኛን መብት የሚጠብቅ ሕግ አብሮ ካልሄደ ሥልጣኔ የደካማን ጕልበት መብያ እንደሚሆን ከዚሁ እንማራለን።

የአገራችን ሊቃውንት የጃፓንን ነገር የተመለከቱት ዛሬ አይደለም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኝነት ወደዚያ አገር ሄደው፥ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በሰየሙት መጽሐፍ ለወገናቸው አስታወቁ። ያን ጊዜ የነበረው ተስፋ በ1928 ዓ.ም. በደረሰው የኢጣልያ ወረራ ተቋረጠ። እርሳቸው ግን አይተው ዝም አላሉም፤ ተመልሰው ጻፉ። መጻፍም ማስተማር ነው።

ጃፓንም ሁለተኛ ተማሪ የሆነችበት ዘመን መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ ከተሞቿና ፋብሪካዎቿ ከፈረሱ በኋላ፥ ያሸነፋትን አገር ጥበብ ለመማር አላፈረችም። በ1950 የጃፓን የሳይንስ ሊቃውንትና የመሐንዲሶች ማኅበር አሜሪካዊውን ዶክተር ኤድዋርድስ ዴሚንግን ጋበዘ። እርሱም የተበላሸውን ዕቃ በመጨረሻ ከመልካሙ ከመለየት ይልቅ፥ በየሥራው ደረጃ ጕድለቱን በቍጥር እየለኩ ከምንጩ ማድረቅ እንደሚሻል አስተማረ። ከትምህርቱ ጽሑፍ የሚገኘውን ገንዘብ ለማኅበሩ ስለ ተወላቸው፥ በ1951 በስሙ ሽልማት ተቋቋመ። በ1955ም በአሜሪካ እርዳታ የጃፓን የምርታማነት ማዕከል ተመሠረተና ብዙ የጥናት ጓዶችን ወደ አሜሪካ ላከ። ማዕከሉ ሥራውን በሦስት መሠረት ላይ አቆመ፤ ይኸውም ሠራተኛው ሥራውን እንዳያጣ መጠንቀቅ፥ አሠሪና ሠራተኛ እንዲመካከሩ ማድረግ፥ የተገኘውንም ፍሬ በቅን ማካፈል ነው።

ከአሜሪካ የተገኘው ትምህርት በጃፓን የፋብሪካ ሠራተኛ እጅ ተለውጦ «ካይዘን» የሚባለውን አሠራር ለማፍራት ረዳ። ቃሉ ወደ መልካም መለወጥ ማለት ነው፤ ትርጓሜውም ሹሙም ሆነ ዘበኛው ሥራውን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እንዲያሻሽል ነው። ከዚህ በኋላ ጃፓን በተራዋ መምህር ሆነች። ከ1983 እስከ 1990 ለሲንጋፖር ስለ ምርታማነት አሠልጣኞችን አሠለጠነች፤ ቦትስዋና በ1993 የራሷን የምርታማነት ማዕከል ስታቋቁም ደግሞ የረዳቻት ሲንጋፖር ነበረች። ከአሜሪካ ወደ ጃፓን፥ ከጃፓን ወደ ሲንጋፖር፥ ከሲንጋፖር ወደ አፍሪካ ምድር፤ ትናንት ተማሪ የነበረው ዛሬ መምህር ሆነ።

ይኸው ጥበብ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ ጃፓን በቱኒዚያ ያደረገችውን ሥልጠና ሰምተው ለኢትዮጵያም እንዲደረግ ጠየቁ። በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት እርዳታ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ የሚገኙ 30 ፋብሪካዎች ለሙከራ ተመረጡ፤ ቆዳ የሚያለፉ፥ ልብስ የሚሠሩ፥ ብረት የሚያቀልጡ፥ እህል የሚያቀነባብሩ ነበሩባቸው። በ2004 ዓ.ም.ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በመንግሥት ደንብ ተቋቋመ። ከመጀመሪያ ጀምሮ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከጃፓናውያኑ ጋራ በየፋብሪካው እየተዘዋወሩ እንዲማሩና በኋላ ራሳቸው እንዲያሠለጥኑ መደረጉ እጅግ የሚመሰገን ነው።

ከሁሉም የሚያስደስተን ግን የቋንቋው ነገር ነው። ጃፓናውያን የሥራ ቦታን ለማደራጀት አምስት ቃላት አሏቸው፤ አምስቱም በተቀራራቢ ድምፅ ስለሚጀምሩ ለማስታወስ ይቀላሉ። ወደ አማርኛ የመለሷቸው ሰዎች ይህን አስተውለው አምስቱን በ«ማ» አስጀመሯቸው፤ ማጣራት፥ ማስቀመጥ፥ ማጽዳት፥ ማላመድና ማዝለቅ። የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ማጣራት፤ የተጣራውን በየቦታው ማስቀመጥ፤ ቦታውን ማጽዳት፤ ይህን ሥርዓት ለሁሉ ማላመድ፤ የተለመደውንም ሳያቋርጡ ማዝለቅ። ፊደል የቈጠረ ሠራተኛ ሁሉ እነዚህን በአንድ ጥዋት ይይዛቸዋል፤ መፍቻውን ለመፈለግ ሩብ ሰዓት የሚያባክነው ብረት ሠሪም መፍቻው በቦታው ሲሰቀል ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍ በዚያው ቀን ያየዋል። በባዕድ ቋንቋ ብቻ የተሰጠ ትምህርት የቤቱ እንግዳ ሆኖ ይኖራል፤ በገዛ ቋንቋችን ስም ያገኘ ትምህርት ግን የቤቱ ልጅ ይሆናል።

ከአምስቱ የመጨረሻው፥ ማዝለቅ የተባለው፥ ከሁሉ የከበደ ሆኖ ተገኝቷል። የፋብሪካዎቹ ውጤት እኩል አልነበረም። ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ መኪናው ቤት ወርዶ ከሠራተኛው ጋራ በመከረበት ቦታ ሥራው ሥር ይሰድዳል። «ይህ የአሠልጣኞች ጉዳይ ነው» ተብሎ ለአንድ ለተላከ ሰው በተተወበት ግን፥ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሲደበዝዝ ሥራውም አብሮ ይደበዝዛል።

ካይዘን ያለውን ሥራ ማሻሻያ ሲሆን፥ የሌለውን ሥራ መጀመርን የሚያስተምር ሌላ የትብብር ሥልጠና አለ። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ በ1988 በአርጀንቲና የጀመረው «ኤምፕሬቴክ» የሚባለው ትምህርት ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እርዳታ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ተቋቁሞ ይህን ሥልጠና መስጠት ጀመረ፤ በኋላም ኢንስቲትዩት ለመሆን በቅቷል። ሥልጠናው 6 ቀን ይፈጃል። ትምህርቱ ነጋዴን ነጋዴ የሚያሰኙትን አሥር ጠባዮች ያለማምዳል፤ አጋጣሚን ማየት፥ በችግር አለመበገር፥ ቃልን መጠበቅ፥ ጥራትን መሻት፥ ጕዳቱንና ጥቅሙን አመዛዝኖ መድፈር፥ ግብ መቁረጥ፥ አስቀድሞ ወሬ መጠየቅ፥ ሥራን በዕቅድ መምራት፥ ሰውን ማሳመን፥ በራስ መታመን ናቸው። የትምህርቱ መሠረት አሜሪካዊው ሊቅ ዴቪድ ማክለላንድ ያደረገው ጥናት ነው፤ እርሱም በ1964 በህንድ አገር በካኪናዳ ከተማ የሚኖሩ ነጋዴዎችን በማሠልጠን፥ የሥራ ትጋት በትምህርት ሊነቃቃ እንደሚችል ለማሳየት ሞክሯል።

ይሁን እንጂ ጠባይ ብቻውን ሱቅ አይከፍትም። ሠልጥኖ የወጣ ወጣት ብድር ሲጠይቅ ዋስትና የሚሆን ቤት ከሌለው፥ መሥሪያ ቦታ ሲሻ ወራት ከተመላለሰ፥ የሠራውንም ዕቃ የሚገዛው ካጣ፥ በ6 ቀን የተነሣው መንፈስ በ6 ወር ይበርዳል። ጐበዝን አስታጥቆ በሩን መዝጋት እርሱን ማሳዘን ነው። ስለዚህ ሥልጠናና ብድር፥ ሥልጠናና መሥሪያ ቦታ፥ ሥልጠናና ገበያ ተያይዘው መሄድ ይገባቸዋል።

ደግሞ የራሳችንን ጕድለት ሳንሸሽግ እንናገር። ከሥልጠና ይልቅ አበሉን የሚቈጥር፥ ከትምህርቱ ይልቅ ወረቀቱን የሚወድ ሰው በመካከላችን አለ። ለውጭ አገር ትምህርት የሚላከው የሥራው ባለቤት ሳይሆን ለአለቃው የቀረበው የሚሆንበት ጊዜ አለ። እነሆ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ራሱ ከዓመታት በፊት ስለ ሙያው ሠልጥኖ ተመልሷል፤ የተሰጠውም የምስክር ወረቀት በመሳቢያው ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን በአንድ ቀን አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባ «ጌታዬ፥ በዚያ ሥልጠና ያገኙትን ለእኛም ቢያካፍሉን» ብሎ በትሕትና በጠየቀው ጊዜ፥ የያዘውን ማስታወሻ ፈልጎ አላገኘውም። ያን ቀን ያደረበት ኀፍረት ይህን ጽሑፍ አስጽፎታል። ገንዘቡን የከፈለ ሌላ አገር ነበር፤ ጊዜውን የሰጠ መሥሪያ ቤቱ ነበር፤ ፍሬው ግን ከአንድ መሳቢያ አላለፈም።

እንግዲያውስ ምን ማድረግ ይገባል? አስቀድሞ፥ ሰውን ለሥልጠና የሚልክ መሥሪያ ቤት ሁሉ «ተመልሰህ ለማንና መቼ ታስተምራለህ?» ብሎ ከመሄዱ በፊት ቢያዋውለው፥ ሲመለስም ቢጠይቀው መልካም ነው። ሁለተኛ፥ የሥልጠና መጽሐፍ ሁሉ ሠራተኛው በሚሰማው ቋንቋ፥ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በትግርኛም በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ይጻፍ። ሦስተኛ፥ የሚረዱን ወዳጆች ከገቡበት ቀን ጀምሮ የሚወጡበትን ቀን ይንገሩን፤ እኛም ያን ቀን እንደ ምረቃ ቀን እንጠብቀው እንጂ እንደ መርዶ አንፍራው። አራተኛ፥ የፋብሪካ ባለቤቶችና ሹሞች የኦዳካን ምሳሌ ይከተሉ፤ ሌላውን ወደ አዲሱ ሥራ ከመጥራታቸው በፊት ራሳቸው ይግቡበት።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተም የምስክር ወረቀት በተቀበላችሁ ማግስት ከሠፈራችሁ ወይም ከሥራ ቤታችሁ አንድ ሰው ፈልጉና የተማራችሁትን አስተምሩት። ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም፤ የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ፥ የእንጨት መላጊያ ጠረጴዛ ዳር፥ በእርሻ ዳርቻ ከዛፍ ሥር ይበቃል። ስታስተምሩ የማታውቁትን ታውቃላችሁ፤ ተማሪያችሁም እናንተ ያላሰባችሁትን አዲስ ነገር ያመጣ ይሆናል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደ ተባለ፥ በውሰት ያገኘነው ጥበብ በውሰት እስከ ቆየ ድረስ አያስጌጠንም። ነገር ግን ወርቅን ባለቤቱ መልሶ ሲወስደው፥ ጥበብን ግን የሰጠ ሰው መልሶ ሊወስድ አይችልም፤ የሚያጠፋው የተቀበለው ሰው ቸልታ ብቻ ነው። ዋዳ ኤይ ወደ አገርዋ ስትመለስ ከፈረንሳውያን መኪና አንዱን እንኳ ይዛ አልሄደችም፤ ይዛ የሄደችው በጣቶችዋ ያለውን ልምድና ለማስተማር ያላትን ፈቃድ ነበር። እኛም ከውጭ ወዳጆቻችን ብዙ ተቀብለናል። የቀረው በተራችን ሰጪዎች መሆን ነውና፥ ሁላችንም በያለንበት ከዛሬ እንጀምር።